በኤአይ እየታገዙ የራስን ድምፅ የያዘ የፍሪላንስ ፕሮፖዛል ለመጻፍ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ሥራውን የሚያውቅ መሆኑ የሚለየው በእጅ ጽሑፉ ውበት ሳይሆን ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ድንበሩ በየት በኩል ነው? መቼ ተገፋ? ማን አየ?» ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ የሚያዘጋጀው ወረቀት የባለጉዳዩን ጉዳይ ይዞ ይገባል፤ ሳይጠይቅ የሚጽፈው ግን ለመጣው ሁሉ ስም ብቻ የተቀየረበት አንድ ዓይነት ማመልከቻ ይሰጣል። ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክሎድና የመሳሰሉት የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያዎች፣ ሌላ ነገር እስካልታዘዙ ድረስ፣ ከሁለተኛው ጸሐፊ ወገን ናቸው። የሥራ ማስታወቂያውን ገልብጦ «ፕሮፖዛል ጻፍልኝ» ላላቸው ሁሉ ሰዋስው ያልጎደለው፣ ነገር ግን የማንም ያልሆነ ደብዳቤ በሰከንዶች ውስጥ ያወጣሉ። ይህ መመሪያ፣ ፍሪላንሰር፣ ማለትም ቋሚ ቀጣሪ ሳይኖረው በየሥራው የሚዋዋል ባለሙያ፣ ለደንበኛ የሚልከውን ፕሮፖዛል (የማመልከቻ ደብዳቤ) ሲያዘጋጅ መሣሪያውን ወደ ጠያቂው ጸሐፊ ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል።

መመሪያው በዋነኛነት የሚያገለግለው አፕወርክ በተባለው የኢንተርኔት የሥራ ገበያና አሠራራቸው እሱን በሚመስል ገበያዎች፣ ማለትም ደንበኛው ሥራ አውጥቶ ባለሙያው በሚያመለክትባቸው ቦታዎች ነው። ሌላው ገበያ ፋይቨር በአብዛኛው የሚሠራው በተቃራኒው፣ ባለሙያው አገልግሎቱን ዘርዝሮ ደንበኛው መጥቶ በሚመርጥበት መንገድ ስለሆነ፣ ከዚህ የሚጠቅመው ለደንበኛ መልእክት ሲጻፍ የሚያገለግለው ምክር ብቻ ነው።

ከመጀመር በፊት፦ ተመሳሳይ ደብዳቤ ምን ያህል ያስከፍላል?

በአፕወርክ ለአንድ ሥራ ማመልከት ኮኔክት የሚባል መክፈያ ይጠይቃል። የአንዱ ኮኔክት ዋጋ 0.15 ዶላር ነው፤ ስንት እንደሚያስፈልግ እንደ ሥራው ይለያያል። አንድ ሥራ 12 ኮኔክት ቢጠይቅ ለአንዲት ማመልከቻ 1.80 ዶላር ወጣ ማለት ነው፤ በቀን አሥር ሥራ ላይ «መሞከር» የሚለው ልማድ በወር ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። በሌላ በኩል ደንበኛው የአመልካቾችን ዝርዝር ሲከፍት ከየደብዳቤው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ነው፤ ቀሪውን ለማንበብ መጫን አለበት። ጣቢያው ራሱ ኡማ የተባለ የኤአይ ረዳት ለተጠቃሚዎቹ ስላቀረበ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ከሚገኙት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከተመሳሳይ ማሽን የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አሥራ አምስት ሰዎች «ማስታወቂያዎን በታላቅ ደስታ አንብቤያለሁ» ብለው ሲጀምሩ፣ አሥራ ስድስተኛው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በዚያው ቃል እስከ ጀመረ ድረስ አይታይም።

አንደኛ፦ ማስታወቂያውን ራስዎ ያንብቡ

ከሁሉም ደረጃ ረጅሙን ጊዜ መውሰድ ያለበት ይህ ነው፤ ሰዎች ለመሣሪያው ቀድመው አሳልፈው የሚሰጡትም ይህንኑ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። በካናዳ የሚኖር ደንበኛ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ አወጣ እንበል፦ ከገበሬዎች ጋር የተደረጉ 20 የአማርኛ ቃለ መጠይቆች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ ድምፁ የተቀዳው ደጅ ላይ ነው፤ ከተናጋሪዎቹ ከፊሎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሥራው ቃለ መጠይቆቹን በጽሑፍ ማስፈርና ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነው።

ይህን ማስታወቂያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የሚያነብ የጎጃም ልጅ ማሽኑ በራሱ ልብ የማይላቸውን ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያገኛል። ደጅ የተቀዳ ድምፅ ነፋስ፣ የከብት ድምፅና የልጆች ጫጫታ አለበት፤ ስለዚህ የማይሰማ ቃል ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ሽማግሌ ገበሬ መሬቱን በሄክታር አይናገርም፤ በጥማድ ወይም በቃዳ ነው የሚናገረው፤ የጥማድ ስፋት ደግሞ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ይተወው ወይስ ይቀይረው የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። እነዚሁ ሰዎች «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ብለው ሲናገሩ 1977 ዓ.ም. ማለታቸው ነውና የዘመን አቆጣጠሩም መወሰን አለበት። ደንበኛው ሦስቱንም አላሰባቸው ይሆናል። አመልካቹ ሥራውን በእርግጥ እንደሚያውቅ የሚያሳየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፤ «ሥራውን በሚገባ አውቃለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ምንም አያሳይም።

በማንበብ ላይ ሳሉ ስሌቱንም ይሥሩ። 20 ጊዜ 40 ደቂቃ 800 ደቂቃ፣ ማለትም 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ለማስፈር ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል ብለን ብንይዝ፣ ማስፈሩ ብቻ ከ53 እስከ 80 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ትርጉሙ ገና አልተጀመረም። መሣሪያው ሳይጠየቅ «በፍጥነት አስረክባለሁ» የሚል ቃል መጨመር ይወዳል፤ ስሌቱን ያልሠራ አመልካች ይህን ቃል ሳያየው ያልፈዋል፣ ቆይቶም ዕዳ ይሆንበታል።

አንዳንድ ደንበኞች አመልካቹ በትክክል ማንበቡን ለመፈተን በማስታወቂያው መካከል «በመልስዎ መጀመሪያ ላይ ይህን ቃል ይጻፉ» የሚል ትእዛዝ ያስገባሉ። ሌሎች ደግሞ ወጥመዱን የሚያዘጋጁት በቀጥታ ለማሽኑ ነው፤ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የፍራፍሬ ስም እንዲጠቀስ ያዝዙና ስሙን ጽፎ የመጣውን ሁሉ ሳያነብ የገለበጠ ነው ብለው ይጥሉታል። ሁለቱንም የሚለየው የሰው ዓይን ነው።

ሁለተኛ፦ ጥሬ ሐሳቡን በአማርኛ ያስቀምጡ

ቀጥታ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ሐሳቡን የሚያሳጥረው በቋንቋ ችሎታው ልክ ነው፤ የሚያውቀውን ሳይሆን ሊናገረው የሚችለውን ይጽፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ለጓደኛ እንደሚያስረዱ አድርገው፣ ያስተዋሉትን ሁሉ ያስፍሩ። መተየብ የሚያስቸግር ከሆነ የጉግል የስልክ ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ስለሚቀበል ተናግሮ ማስጻፍ ይቻላል፤ ቃላቱን ማረም ቢያስፈልግም የንግግር ለዛው አይጠፋም። ጥሬ ሐሳብን ማስፈር ግን የግድ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ በእጅ ወረቀት ላይም ቢሆን ሊሠራ ይችላል፤ መብራትና ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከዚህ በኋላ መሣሪያውን እንዲጽፍ ሳይሆን እንዲጠይቅ ያዙት። ማስታወቂያውንና ጥሬ ሐሳብዎን ከሰጡት በኋላ የሚከተለውን ይጻፉለት፦ «ገና ምንም አትጻፍ። ይህን ደንበኛ ለማሳመን ስለ እኔ ማወቅ የሚገባህን አምስት ነገር አንድ በአንድ ጠይቀኝ። መልሴ ጥቅል ከሆነ ዝርዝር እስክሰጥህ ድረስ ደግመህ ጠይቀኝ።» ብዙ ሰው ከራሱ ልምድ ውስጥ የረሳውን ነገር የሚያስታውሰው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ «ከዚህ በፊት ድምፅ በጽሑፍ አስፍረህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ፣ ለማኅበር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከድምፅ መቅጃ ላይ ገልብጦ የሚያውቀውን ሰው ያንን እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ እሱ ግን «ሥራ» ብሎ ቆጥሮት አያውቅም ነበር።

ሦስተኛ፦ ትእዛዙን በወጉ ይስጡ

አሁን መሣሪያው ይጻፍ። ትእዛዙ ውስጥ መግባት ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ምን ይዞ እንደሚጽፍ፣ ምን እንዳይጨምር፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነና ድምፁ የማን እንደሆነ። ለያዝነው ምሳሌ የሚሆን ትእዛዝ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ከላይ ካለው ማስታወቂያና ከሰጠሁህ መልስ ተነሥተህ በእንግሊዝኛ ከ150 እስከ 200 ቃል የሚሆን ፕሮፖዛል ጻፍ። ስለ ጥማድ በጠየቅሁት ጥያቄ ጀምር። ያልነገርኩህን ልምድ፣ ቁጥር ወይም ቀን አትጨምር፤ የጎደለህ ነገር ካለ ቦታውን ክፍት ትተህ ንገረኝ። ማስታወቂያው የሚለውን መልሰህ አትንገረው። ራሴን የሚያሞግስ ቅጽል አታስገባ። ከታች እኔ ራሴ ለሰዎች የጻፍኳቸው ሦስት የእንግሊዝኛ መልእክቶች አሉ፤ የዐረፍተ ነገሬን ርዝመትና የቃል ምርጫዬን ከእነርሱ ውሰድ፤ የሰዋስው ስሕተት ብቻ አርም።»

አፕወርክ ለአንድ ደብዳቤ እስከ 5,000 ፊደል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የተፈቀደውን ሁሉ መሙላት ግዴታ አይደለም። ሦስቱ የራስ መልእክቶች ደግሞ ለጌጥ የገቡ አይደሉም። መሣሪያው ናሙና ካላገኘ የሚጽፈው በዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው በሚጽፈው እንግሊዝኛ ነው፤ ደንበኛው በማግሥቱ በቪዲዮ ሊያነጋግርዎ ሲጠራዎ በደብዳቤው ያገኘውን ሰው ፈልጎ ያጣዋል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ልዩነት ከማንኛውም የሰዋስው ስሕተት የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ እንግሊዝኛው ከእርስዎ ችሎታ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ይሁን።

መሣሪያዎቹ አማርኛን ይረዳሉ፤ ነገር ግን እንደ «ቃዳ» ያለውን የአካባቢ ቃል ሊስቱት ይችላሉ። የተጻፈውን እንግሊዝኛ በአዲስ ውይይት ከፍተው «መልሰህ ወደ አማርኛ ተርጉምልኝ» ይበሉት። ከጥሬ ሐሳብዎ ጋር ሲያስተያዩት የተጨመረውና የተዛባው ወዲያው ይታያል፤ እንግሊዝኛው ያልደላው ሰው ደብዳቤውን መመርመር የሚችልበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

አራተኛ፦ ቆርጦ መጣል

የመጀመሪያው ረቂቅ እንደ መጣ አይላክም። ከማሽን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደብዳቤ በአማርኛ ሲነገር የሚከተለውን ይመስላል፦ «ውድ የቅጥር ኃላፊ፣ ያወጡትን ማስታወቂያ በታላቅ ጉጉት አነበብሁ። በትርጉም ሥራ የዳበረ ልምድ፣ ለዝርዝር ጉዳዮች የላቀ ትኩረት እና ለጥራት የማያወላውል ቁርጠኝነት ያለኝ ባለሙያ እንደ መሆኔ ለፕሮጀክትዎ ተመራጭ ነኝ ብዬ አምናለሁ።» እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው፤ ሆኖም ስለ ትርጉም የተጻፈውን አውጥቶ ስለ ሎጎ ሥራ ቢያስገቡበት አንድም ቃል አይጎረብጥም። መፈተኛውም ይኸው ነው፤ ለሌላ ሥራ ሳይቀየር ሊላክ የሚችል ዐረፍተ ነገር ሁሉ ይሰረዝ።

የማሽኑ አሻራ የሚታይባቸው ሌሎች ልማዶችም አሉ። ነገሮችን ሦስት ሦስት አድርጎ መደርደር ይወዳል፤ ሁለት ብቻ ካለዎት ሁለት ይበቃል። ሐሳብ በመጣ ቁጥር ረጅም ሰረዝ ያስገባል። «ፓሽኔት»፣ «ሊቨሬጅ»፣ «ሲምለስ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ይደጋግማል፤ እርስዎ በአፍዎ ተናግረዋቸው የማያውቁ ከሆነ በጽሑፍዎም አይግቡ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዕድሉ ስለ ተሰጠው አመስግኖ ለመወያየት ያለውን ጉጉት ይገልጻል፤ በዚያ ቦታ ደንበኛው ሊመልሰው የሚችል አንድ ጥያቄ ቢቀመጥ ይሻላል። ከእኛ በኩልም የሚመጣ ችግር አለ። የአማርኛውን የአክብሮት ወግ፣ «ክቡር ሆይ» እና «በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለውን፣ ለመሣሪያው ስንሰጠው ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ያሻግረዋል፤ እንግሊዝኛው ውስጥ ግን አክብሮት መሆኑ ቀርቶ ልመና ይመስላል። የደንበኛው ስም ከታወቀ በስሙ፣ ካልታወቀ በአጭር ሰላምታ መጀመር በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ይታሰብባቸው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወግ የሚማር የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሐሳቡን በሁለቱ ቤት መዝጋት አለበት፣ የሌላውን ሰው ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ለየኔታ ቢነግር ደግሞ ያፍርበታል። የፕሮፖዛል መግቢያም ተመሳሳይ ጥበት አለው። ለምሳሌያችን የሚስማማው አጀማመር እንዲህ ያለ ነው፦

«ገበሬዎቹ መሬታቸውን በጥማድ ሲናገሩ ቃሉ እንዳለ ተቀምጦ ማብራሪያ ይጻፍበት ወይስ ወደ ሄክታር ይቀየር? ስፋቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እኔ ቃሉን ትቼ ከግርጌ ባብራራው እመርጣለሁ። ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ስለሆነ የሽማግሌዎቹን አነጋገር አውቀዋለሁ። ቃለ መጠይቆቹ በድምሩ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ለማስፈሩም ለመተርጎሙም ሰባት ሳምንት እፈልጋለሁ፣ በየሳምንቱም ሦስት ሦስት ቃለ መጠይቅ እልካለሁ። ነፋስ ያለበትን አንድ ቅጂ ቢልኩልኝ ሰምቼው ጊዜውን አረጋግጥልዎታለሁ።»

ይህ ደብዳቤ አመልካቹ ጎበዝ መሆኑን በአንድም ቃል አይናገርም።

አምስተኛ፦ ቀን፣ ሰዓትና ተስፋ

የኢትዮጵያ አመልካቾችን የሚያሰናክል፣ በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎችም የማያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ይህንኑ በአማርኛ ጽፎ ለመሣሪያው ቢሰጠው፣ መሣሪያው ቁጥሩን ሳይቀይር ሊያሳልፈው ይችላል፤ ደንበኛውም ሰውዬው ከእውነተኛው በስምንት ዓመት የሚበልጥ ልምድ አለው ብሎ ይረዳል። ትክክለኛው 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሳያስቡት የተነገረ ቢሆንም ከፕሮፋይሉ ጋር ሲጋጭ ውሸት ሆኖ ይቆጠራል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እገኛለሁ» የሚለው በእንግሊዝኛ ከጠዋቱ 9 መሆን ሲገባው «3 ኤኤም» ሆኖ ከወጣ ደንበኛው ሌሊት እንደሚሠሩ ያስባል። አገራችን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ኒው ዮርክ ከእኛ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ እዚያ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ሥራ ሲገባ፣ እዚህ እንደ ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። ይህን ሁሉ ለመሣሪያው ከመስጠት በፊት በራስዎ ለውጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ።

መሣሪያው ያልነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ የመጻፍ ጠባይም አለበት፤ «የአምስት ዓመት ልምድ» ወይም «ሽያጫቸውን በእጥፍ ያሳደግሁላቸው ድርጅቶች» የሚል ሐረግ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል። በረቂቁ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር፣ ስምና ተስፋ በእስክሪብቶ አክብበው «ይህን የተናገርሁት እኔ ነኝ?» ብለው ይጠይቁ። በተለይ «ሌት ተቀን እገኛለሁ» የሚለው ይሰረዝ። ኔትዎርክ ሊጠፋ በሚችልበት ቦታ የሚኖር ሰው «በየቀኑ በእነዚህ ሰዓታት መልስ እሰጣለሁ፤ ግንኙነት ከተቋረጠ የማስረከቢያ ቀኑን እንዳያልፍ ሥራውን ቀድሜ እጨርሳለሁ» ቢል የሚጠብቀው ቃል ይሆናል።

ስድስተኛ፦ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ መላክ፣ መመዝገብ

ደብዳቤውን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ዐረፍተ ነገር ይከፈል፣ አፍ ላይ የሚያደናቅፈው ቃል ይቀየር። ጽሑፉ በኤአይ ተጽፎ እንደሆነ እንለያለን በሚሉ መሣሪያዎች ላይ ጊዜ ማጥፋት ግን አያስፈልግም። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት ዓይነት መለያ ሲፈትኑ፣ መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሆኑትን የማሽን ሥራ ናቸው ብለው በስሕተት ፈርጀዋቸዋል። ጽሑፍን «ሰው ያስመስላሉ» ተብለው የሚሸጡት አገልግሎቶችም ብዙውን ጊዜ ቃላቱን በእንግዳ ቃላት ከመተካት የዘለለ ነገር አያደርጉም።

ደንበኛው በማስታወቂያው ኤአይ መጠቀምን ከከለከለ ደብዳቤውን በራስዎ እንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ተጠይቀው ከሆነም በምን ላይ እንደረዳዎት እንዳለ ይናገሩ። ደንበኛው የላከውን የድምፅ ቅጂ ወይም ያልታተመ ሰነድ ያለ ፈቃዱ ወደነዚህ መሣሪያዎች ማስገባት የለብዎትም፤ ብዙዎቹ፣ በቅንብሩ ካልተዘጋ በስተቀር፣ የሚገባላቸውን ነገር ሞዴላቸውን ለማሠልጠን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የላኩትን ሁሉ በአንድ ደብተር ወይም በኤክሴል ይመዝግቡ፤ የተላከበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ የከፈሉት ኮኔክት፣ የመጀመሪያው መስመርና ደንበኛው መልስ መስጠት አለመስጠቱ ይበቃል። ሃያ ያህል ከተጠራቀመ በኋላ መልስ ያስገኙትን የመጀመሪያ መስመሮች ብቻ ለይተው ለመሣሪያው ይስጡና ምን እንደሚያመሳስላቸው ይጠይቁት። በዚህ ጊዜ ሦስቱን የድሮ ናሙና መልእክቶች በእነዚህ ይተኳቸው። ደንበኛው መልስ የሰጠ ዕለት ደግሞ የመጀመሪያውን አጸፋ ያለ መሣሪያ፣ በራስዎ እጅ፣ ቢያንስ በሁለት መስመር ይጻፉለት።